ከሥራ አስቀድሞ ያለው ምኞት



ሰው ጥፋት ሲገኝበት ከአፉ ፈጥነው ከሚወጡት ቃላት አንዱ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» የሚለው ነው። የተጣላውም፣ የሰረቀውም፣ ትዳሩን ያፈረሰውም ይህንኑ ይላል። አነጋገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ጠላታችን ዲያብሎስ ሰውን ለማሳት ያለ ዕረፍት እንደሚደክም ቅዱሳት መጻሕፍት ይመሰክራሉ። ነገር ግን ነገሩን በዚህ ብቻ ከዘጋነው ግማሹን እውነት ተናግረን ግማሹን ሸሸግን ማለት ነው። ዲያብሎስ ማዕዱን ያቀርባል እንጂ አያጎርስም። እጁን ዘርግቶ የሚቆርሰው ሰው ራሱ ነው፤ እጁን ያዘረጋውም በውስጡ ያለው ምኞት ነው።

ይህ በሌላ የማመካኘት ልማድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። አዳም በሔዋን፣ ሔዋንም በእባብ አመካኝተዋል (ዘፍ. 3፥12-13)። ሁለቱም የተናገሩት የሆነውን ነገር ነው፤ ሔዋን ለአዳም መስጠቷ፣ እባብም ሔዋንን ማሳቱ እውነት ነበር። ያልተናገሩት «እኔ ራሴ ምን ፈልጌ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠውን መልስ ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ የጻፈልን ስለዚህ ስላልተነገረው ነገር ነው። እግዚአብሔር ማንንም ወደ ክፋት እንደማይመራ ካስረዳ በኋላ፣ ሰው የሚጠመድበት ወጥመድ የገዛ ምኞቱ እንደ ሆነ ያሳያል፤ ነገሩንም በፅንስና በልደት ይመስለዋል (ያዕ. 1፥13-15)።

ምሳሌው ቀረብ ብለን ልናየው የሚገባ ነው። በሐዋርያው አነጋገር እናቲቱ ምኞት ናት፤ ልጇ ኃጢአት ነው፤ የልጅ ልጇ ደግሞ ሞት ነው። ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከጎረቤት ቀርቶ ከቤተ ሰብም ሊሰወር ይችላል፤ ምኞትም እንዲሁ ማንም ሳያየው በልብ ውስጥ ያድጋል። አብዛኞቻችን ወደ ንስሐ አባታችን የምንሄደው ልጁ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ሰፈሩን ካወከ በኋላ ነው። የልጁን ስም እንናገራለን፤ እናቲቱን ግን ቤት ትተናት እንሄዳለን። ስለዚህም ተናዘን፣ ቀኖናችንን ፈጽመን ስንመለስ ሌላ ልጅ ፀንሳ ትጠብቀናለች። ከዓመት እስከ ዓመት ያንኑ ኃጢአት የምንናዘዝበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል።

ቤተ ክርስቲያናችን ኃጢአት በሐልዮ (በማሰብ)፣ በነቢብ (በመናገር) እና በገቢር (በመሥራት) እንደሚፈጸም ስታስተምር ሐልዮን ያስቀደመችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዐሥሩ ትእዛዛትም የባልንጀራን ንብረት መመኘትን የሚከለክለው (ዘጸ. 20፥17) ከሌሎቹ የሚለየው የሰው ምስክር የማይቆምበት በመሆኑ ነው። የሰረቀ ይያዛል፤ በሐሰት የመሰከረ ይጋለጣል፤ የተመኘን ሰው ግን የሚከስ ዐቃቤ ሕግ የለም። ይህ ትእዛዝ ልብን ለሚመረምር አምላክ ብቻ የተተወ ነው።

ፍትወት ሁሉ ክፉ ነውን?

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር ቃሉን ማጥራት ያስፈልጋል። «ፍትወት» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት አማርኛችን እየጠበበ ሄዶ የዝሙትን ምኞት ብቻ የሚያመለክት መስሏል። በግእዝ ግን «ፈተወ» ማለት ወደደ፣ ፈለገ፣ ተመኘ፣ ናፈቀ ማለት ነው፤ «ፍቱው» የሚለውም የተወደደ፣ የሚናፈቅ የሚል ትርጉም አለው። ቃሉ ለክፉውም ለበጎውም ያገለግላል። አበው ክፉውን ለይተው መናገር ሲፈልጉ «ፍትወት እኩይ»፣ ሲበዛም «ፍትወታት እኩያት» ይላሉ። ፍትወት ሁሉ ክፉ ቢሆን ኖሮ «እኩይ» የሚለው ቅጽል ባላስፈለገ ነበር።

ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ቃል ነው። በዚያች ምሥጢረ ቁርባንን በመሠረተባት ምሽት፣ ከመከራው አስቀድሞ ያን ፋሲካ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ለመብላት እጅግ ይመኝ እንደ ነበር በራሱ አንደበት ነግሯቸዋል (ሉቃ. 22፥15)። ምኞት በባሕርዩ ኃጢአት ቢሆን ኃጢአት የሌለበት ጌታ ስለ ራሱ እንዲህ ባልተናገረ ነበር። ቅዱስ ዳዊትም የነፍሱን ናፍቆት ውኃ ፍለጋ በሚዋትት ዋላ መስሎ ዘምሯል (መዝ. 41)። ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ ከዚህ ዓለም ተለይቶ ከክርስቶስ ጋር ለመሆን መናፈቁን ለፊልጵስዩስ ምእመናን ጽፎላቸዋል (ፊልጵ. 1፥23)። ቅዱሳን ምኞት ያልነበራቸው ሰዎች አድርገን የምናስብ ከሆነ ገድላቸውን አላነበብነውም ማለት ነው።

ሊቃውንቶቻችን ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ማለትም ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት፣ እንዲሁም ልባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ከሆነች ነፍስ የተፈጠረ መሆኑን ያስተምራሉ። በሥጋው ከእንስሳት፣ በነፍሱ ከመላእክት ጋር ይዛመዳል። በሬ ሲርበው ይግጣል፤ ሲጠግብ ይተኛል፤ «ይህ ይገባኛልን?» ብሎ አይጠይቅም። ሰው ግን ልባዊ ነውና በምኞቱ ላይ ዳኛ ሆኖ መቀመጥ ይችላል። ይህ ክብሩ ነው። የሚያሳዝነው፣ ዳኛው ከወንበሩ ወርዶ የምኞቱ ጸሓፊ ሲሆን ሰው ከበሬም የሚያንስ መሆኑ ነው፤ በሬ የጠገበ ለት ሌላውን በሬ ከሣሩ አያባርርም። ሰው ግን ጠግቦም ይመኛል፤ ለተመኘውም ነገር ምክንያት እንዲፈልግለት አእምሮውን ይልከዋል።

ይህ ኃይል ባይኖረን ግን አንዲት በጎ ሥራም ባልተሠራች ነበር። ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ የሚወጣው ምርት ተመኝቶ ነው። እናት በሌሊት የምትነሣው የልጇን ጤና ተመኝታ ነው። የቆሎ ተማሪ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ ቁራሽ የሚለምነው ከቁራሹ ይልቅ የተራበው ትምህርት ስላለ ነው። መናኙም ዓለምን ጥሎ የሚወጣው ምኞት አልቆበት ሳይሆን ከሁሉ የሚበልጥ ምኞት አግኝቶ ነው። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ስለ ሊቀ ነቢያት ሙሴ ሕይወት በጻፈው መጽሐፉ፣ ሙሴ ያን ሁሉ ራእይ ካየ በኋላ የእግዚአብሔርን ክብር ለማየት ደግሞ መለመኑን (ዘጸ. 33፥18) አንሥቶ፣ እግዚአብሔርን መናፈቅ በማግኘት የሚያልቅ ሳይሆን ባገኘ ቁጥር የሚጨምር መሆኑን ያስተምራል። የዚህ ዓለም ምኞት ሲሞላ ይሰለቻል፤ ያኛው ግን ሲሞላ ይሰፋል።

ምኞትን ሁሉ እንደ ርኩስ መቁጠርም በቤተ ክርስቲያን የተወገዘ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በገንግራ የተሰበሰቡ አባቶች ጋብቻን የሚያረክሱትን፣ ሥጋ በሥርዓቱ የሚበላውንም ምእመን የሚኰንኑትን አውግዘዋል። መብል የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ጋብቻም ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው። የምንጾመው ምግብ ርኩስ ስለ ሆነ አይደለም፤ የሚመነኩሱትም ትዳር ርኩስ ስለ ሆነ አይደለም።

ዛፉ ትናንትም እዚያው ነበር

ምኞት ሥራን የሚወልድበትን መንገድ ኦሪት ዘፍጥረት በአንድ ቁጥር ውስጥ ሰብስቦ ያሳየናል (ዘፍ. 3፥6)። ሔዋን ዛፉን ስትመለከተው ለመብል መልካም፣ ለዓይን የሚያስደስት፣ ለጥበብ የሚፈለግ ሆኖ ታያት። ከዚያ ወሰደች፤ በላች፤ ሰጠች። ልብ እንበል፤ ዛፉ በዚያች ቀን አልበቀለም። ትናንትም በገነት መካከል ቆሞ ነበር፤ ፍሬውም ያው ፍሬ ነበር። የተለወጠው ዛፉ ሳይሆን አመለካከቷ ነው። በገነት ያሉት ዛፎች ሁሉ ተፈቅደውላቸው ሳለ፣ እባቡ ጥያቄውን በአንዱ ላይ ብቻ አሳረፈው፤ ያ አንዱም ሌላውን ሁሉ ጋረደው። ዛሬም ጎረቤቱ መኪና እስከ ገዛበት ቀን ድረስ በእግሩ በደስታ የሚሄድ ሰው አለ። እግሩ አልታመመም፤ መንገዱም አልረዘመም።

የከርሚ ልጅ አካን የተናዘዘውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። በኢያሪኮ ምርኮ መካከል ያማረ የሰናዖር ካባ፣ 200 ሰቅል ብርና 50 ሰቅል የሚመዝን ወርቅ አየ፤ ተመኘ፤ ወሰደ፤ በድንኳኑ ውስጥ ቀበረው (ኢያ. 7፥21)። አንድ ሰው በልቡ የተመኘውና በምድር ውስጥ የቀበረው ነገር ለሌላው ምን አገባው? ይባል ይሆናል። ነገር ግን እስራኤል በጋይ ሰዎች ፊት ሸሹ፤ 36 ሰዎችም ወደቁ። ስለ ካባው የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ምኞታችን የራሳችን ጉዳይ ብቻ እንደ ሆነ አድርገን በምንናገርበት በዚህ ዘመን የእነዚያ 36 ሰዎች ነገር ሊታሰብ ይገባዋል። አባት በምሥጢር የያዘው የቁማር ምኞት የልጆቹን ምሳ ይወስዳል፤ ልጆቹም አባታቸው ምን እንደ ተመኘ አያውቁም።

ሔዋን የተሸነፈችባቸውን እነዚህን የምኞት በሮች ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ ዘግቶልናል። ጠላት በስስት፣ በትዕቢትና በፍቅረ ነዋይ እንደ ፈተነው፣ እርሱም በሁሉ ድል እንደ ነሣው በየዓመቱ በዐቢይ ጾም እንማራለን። በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናልፈው አንድ ነገር አለ፤ ወንጌላዊው ጌታችን ከጾሙ በኋላ መራቡን መዝግቧል (ማቴ. 4፥2)። ረኃቡ እውነተኛ ነበር፤ እንጀራ መሻትም ኃጢአት አልነበረም። ኃጢአት የሚሆነው ረኃቡን በጠላት ምክርና ትእዛዝ ማስታገስ ነበር። እንግዲህ ጥያቄው «መመኘት ይገባልን?» የሚል ብቻ አይደለም፤ «የምኞቴን ልጓም የያዘው ማን ነው?» የሚልም ነው።

ምኞት የሚገባው ቃል ኪዳንም ሐሰት ነው። «ይህን አንድ ነገር ብታገኝ ትረካለህ» ይላል። የዳዊት ልጅ አምኖን በእኅቱ በትዕማር ምኞት እስኪታመም ደርሶ ነበር (2ኛ ሳሙ. 13)። ኢዮናዳብ የሚባል ወዳጁ መንገዱን አሳየው፤ እርሱም ታመምሁ ብሎ ተኛ፤ ልታስታምመው የመጣችውን ንጽሕት እኅቱን አስነወራት። ወዲያውም ጠላት፤ ጥላቻው አስቀድሞ ከነበረው ፍቅር ይልቅ በረታ። አስወጥቶ በሩን ዘጋባት። ያ እንቅልፍ የነሣው ነገር ፍቅር ቢሆን ኖሮ በአንዲት ሰዓት ውስጥ ጥላቻ ባልሆነ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አቤሴሎም አምኖንን አስገደለው፤ የንጉሡ ቤትም ከዚያ ወዲያ ሰላም አላገኘም። ትዕማር ግን በወንድሟ ቤት ብቸኛ ሆና ቀረች። በሌላ ሰው ምኞት የተጎዱትን ስናስብ የእርሷ ስም አስቀድሞ ሊነሣ ይገባል።

ሁለት ሩጫዎች

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ምኞት ያስሮጣቸው ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ የነቢዩ ኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ነው (2ኛ ነገ. 5)። ሶርያዊው የጦር አለቃ ንዕማን ከለምጹ ነጽቶ ስጦታ ሲያቀርብ ነቢዩ አልቀበልም አለ። ግያዝ ግን የሚመለሰው ብርና ልብስ በልቡ ቀረ። መጀመሪያ ለራሱ ተናገረ፤ ከዚያም ተነሥቶ ሮጠ። ንዕማን ሲሮጥ አይቶ ከሠረገላው ወረደለት፤ ግያዝም ከኤፍሬም አገር ለመጡ ሁለት ጎልማሶች የሚሆን ነው ብሎ አንድ መክሊት ብርና ሁለት ልብስ ጠየቀ። ንዕማን በደስታ ሁለት መክሊት ሰጠው። ግያዝ በቤቱ ሸሽጎ ወደ ጌታው ገብቶ ቆመ፤ የትም እንዳልሄደ ተናገረ፤ ከንዕማን የለቀቀውንም ለምጽ ይዞ ወጣ። ይህ ሰው የሙት ልጅ ሲነሣ በዓይኑ ያየ፣ ከነቢይ ጋር የኖረ ሰው ነው። በቅዱስ ስፍራ መኖር ብቻውን ምኞትን አይቀድሰውም፤ ይህን የምንጽፈው በመቅደሱ ዙሪያ የምናገለግል ሁሉ በመጀመሪያ እንድናስብበት ነው።

ሁለተኛው ዘኬዎስ ነው (ሉቃ. 19፥1-10)። የቀራጮች አለቃና ባለጸጋ ነበር። ዕድሜውን ገንዘብ ሲያሳድድ የኖረ ይህ ሰው አንድ ቀን ኢየሱስን ለማየት ተመኘ። ቁመቱ አጭር ነበርና ሕዝቡ ጋረደው። እርሱም ወደ ፊት ሮጦ ሾላ ላይ ወጣ። ባለሥልጣንና ባለጸጋ ሰው በአደባባይ ሲሮጥ፣ እንደ ልጅ ዛፍ ላይ ሲወጣ ያየ የኢያሪኮ ሰው ምን እንዳለ ወንጌል አልጻፈልንም፤ በአገራችን ቢሆን ምን እንደሚባል ግን መገመት አያስቸግርም። ዘኬዎስን ይሉኝታ አልያዘውም። ጌታችንም ከዛፉ አስወርዶ ወደ ቤቱ ገባለት። ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች ሊሰጥ፣ የቀማውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል የገባው ማንም ሳያስገድደው ነው።

ግያዝም ዘኬዎስም ሮጡ። የሁለቱም እግር በምኞት ተነሣ። አንዱ ከነቢዩ ቤት ወደ ብር ሮጠ፤ ሌላው ከብር ወደ ክርስቶስ ሮጠ። ዘኬዎስ የተለወጠው ምኞቱ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ከቀረጥ መቀበያው አይነሣም ነበር። ገንዘብ ለመሰብሰብ ያገለግለው የነበረው ያው ትጋት መድኃኒቱን ለማየት አገለገለው። ገበሬ ማሳውን የሚያጥብበትን ጎርፍ ቦይ ቀድዶለት ወደ አትክልቱ እንደሚመራው ያለ ነው፤ ውኃው ያው ውኃ ነው።

ጾምና ምኞት

ከዚህ አንጻር ጾማችንን ብንመለከት ብዙ የምንማረው አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከነዚህ ቀናት እያንዳንዱን እየቀነሰ የትንሣኤን ዶሮና ሥጋ የሚጠብቅ ጾመኛ ሥራውን አቁሟል፤ ምኞቱ ግን ቀጠሮ ይዞ ተቀምጧል። በዓል ሲደርስ መደሰት ነውር የለበትም፤ ቤተ ክርስቲያን ራሷ በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም ብላለች። ነገራችን ሌላ ነው። ሁለት ወር ያህል ሥጋን ከልክለነው ሳለ ነፍስ የምትመኘውን ሌላ ነገር ካላሳየናት፣ በሁዳዴ የያዝነውን በፋሲካ ሳምንት ከነወለዱ እንከፍላለን። የጾም ኬክ በየዓይነቱ እየጣፈጠ በሄደበት በዚህ ጊዜ፣ ከወተትና ከቅቤ ተከልክለን ከስስት ግን ያልተከለከልን ብዙዎች ነን።

አባቶቻችን ጾምን ከጸሎት፣ ከስግደትና ከምጽዋት ነጥለው ያላስተማሩት ስለዚህ ይመስለናል። ቁርስ ያልበላ ሰው የቁርሱን ዋጋ ለተራበ ሲሰጥ፣ ወደ ራሱ ይፈስ የነበረው ምኞት ወደ ወንድሙ ይፈስሳል። በጸሎት ሲቆምም ረኃቡ ሌላ ረኃብ ያስታውሰዋል። በጉባኤ ቤት ከመጻሕፍተ መነኮሳት እንደ አንዱ የሚተረጐመው ማር ይስሐቅ ለገዳማውያን ብቻ የሚመስለን አለን፤ ነገር ግን በልብ ውስጥ ስለሚደረገው ስለዚህ ተጋድሎ ለመማር ለባለትዳሩም ለነጋዴውም የሚሆን ብዙ አለው።

የምኞት መለወጥ የአንድ ቀን ሥራ አለመሆኑንም ልንሰውር አይገባም። ስንክሳር ሚያዝያ 6 ቀን የሚያነሣት ቅድስት ማርያም ግብፃዊት ለዚህ ምስክር ናት። በ12 ዓመቷ ከወላጆቿ ተለይታ በእስክንድርያ 17 ዓመት በዝሙት ኖረች። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ምእመናንን አይታ ከእነርሱ ጋር በመርከብ የተሳፈረችው ለመሳለም አልነበረም፤ በመርከቡም ላይ ብዙዎችን አሰናከለች። በኢየሩሳሌም ሌሎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ እርሷ ለመግባት ብትሞክር የማይታይ ኃይል ከደጁ መለሳት። ደጋግማ ሞከረች፤ አልተቻላትም። ያን ጊዜ ልቧ ተሰበረ፤ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆማ አለቀሰች፤ አማላጅነቷንም ለመነች። በዚያች ሰዓት የምትመኘው ነገር ተለወጠ፤ መስቀሉን ለማየት ተመኘች። ገብታ ከተሳለመች በኋላ ዮርዳኖስን ተሻግራ በምድረ በዳ 47 ዓመት ኖረች።

ከታሪኳ እጅግ የሚያጽናናን ለአባ ዞሲማስ የነገረችው ነው። በረሓ ከገባች በኋላ 17 ዓመት ሙሉ ከቀድሞው ምኞቷ ጋር እንደ አውሬ ታግላለች። የግብፅ ሥጋና ዓሣ ያምራት ነበር፤ ወይኑ ይታወሳት ነበር፤ የቀድሞዎቹ ዘፈኖች ወደ አንደበቷ ይመጡ ነበር። በዝሙት የኖረችበት ዘመን 17፣ ከምኞት ጋር የታገለችበትም 17። ከደጁ የተመለሰችባት ዕለት ሥራዋን ለወጠችው፤ ምኞቷን ለመለወጥ ግን ያን ያህል ዓመት ወሰደባት። ስለዚህ ንስሐ ገብቶ ከሳምንት በኋላ የቀድሞው ምኞት የተነሣበት ሰው «ንስሐዬ አልተቀበለልኝም» ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ አይገባውም። ምኞቱ መነሣቱ ውድቀት አይደለም፤ ውድቀት የሚሆነው ተነሥቶ ሲያስነሣን ነው። እርሷ ምኞቱ ሲበረታባት በምድር ላይ ወድቃ እያለቀሰች፣ እመቤታችንን እየተማፀነች ትቆይ ነበር እንጂ ወደ ኢየሩሳሌም መንገድ አትመለስም ነበር።

ምን ፈልጌ ነበር?

ወደ ንስሐ አባታችን ስንቀርብ «ይህን አደረግሁ» ከማለት ጋር «ይህን ፈልጌ ነበር» ማለትን ብንለምድ መድኃኒቱ ሌላ ይሆናል። ከሚስቱ ጋር የተጣላ ባል መቆጣቱን ይናዘዛል፤ በቁጣው ሥር ግን ሁልጊዜ ትክክለኛ ሆኖ የመታየት ምኞት ሊኖር ይችላል። ለቁጣ የሚሰጥ ስግደትና ለክብር ምኞት የሚሰጥ ምክር አንድ አይደሉም። ለልጁ ሠርግ ወይም ለወላጁ ተዝካር ከዐቅሙ በላይ ተበድሮ የደገሰ ሰው ዕዳውን ያውቀዋል፤ ዕዳው ግን የተወለደው «ምን ይሉኛል» ከሚለው፣ በሰው አፍ የመመስገን ምኞት ነው። ዕዳው ቢከፈል እንኳ እናቲቱ ገና በቤት አለች። ለመዘመርም ለማስተማርም የሚወጣ አገልጋይ ድምፅ ማጉያው ለሌላ ሲሰጥ በልቡ የሚሰማውን ቢመረምር፣ የሚያገለግለው ማንን እንደ ሆነ ያውቃል።

ይህን ምርመራ ብቻችንን ስናደርገው አንዳንዴ ራሳችንን እናታልላለን፤ ምኞት ስሙን መለወጥ ያውቅበታልና። ስስት «ለልጆቼ ማሰብ»፣ በቀል «እውነትን ማውጣት»፣ ክብር መሻትም «አገልግሎት» ተብሎ ሲጠራ ብዙ ሰምተናል። የንስሐ አባት ከሚያስፈልጉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ እኛ የለመድነው የሐሰት ስም እርሳቸውን አያታልላቸውምና።

በዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መጻጉዕ ይባላል። በዚያ ዕለት በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የተኛውን በሽተኛ እናስባለን (ዮሐ. 5፥1-9)። ጌታችን ሁሉን የሚያውቅ ሲሆን ሰውየውን ሊድን ይወድድ እንደ ሆነ ጠየቀው። ለ38 ዓመት በሽተኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይቀርባልን? ሰውየውም በቀጥታ «አዎን» አላለም፤ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው እንደሌለው፣ ሌላው እንደሚቀድመው ተናገረ። ዓመታቱ ረዝመው ከመዳን ምኞት ይልቅ ያልረዱትን ሰዎች ማሰብ በልቡ ሳይበዛ አልቀረም። ጌታችን አልነቀፈውም። ነገር ግን ሳይጠይቀው አላዳነውም፤ አልጋውን ተሸክሞ እንዲሄድ የታዘዘው ፈቃዱን ከተጠየቀ በኋላ ነው።